ለካሴት የተቀመጡ ሽማግሌዎች

እኔ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥራዬን የሚያውቅ ሁሉ ያደንቀኛል ብል ውሸት ነው። ግማሹ ደንበኛዬ ቴፑን ሰጥቶኝ መውሰድ የረሳ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከወሰደ በኋላ የሚረግመኝ። ያም ሆኖ በጆሮዬ እተማመናለሁ። ስፒከር ሲቀደድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ ሲቆሽሽ፣ ላስቲክ ሲላላ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ለይቼ እናገራለሁ። ይህንን የምኮራበትን ጆሮ ነው እንግዲህ የውርጭ ባንድ አዲስ ካሴት መጥቶ መሳቂያ ያደረገው።

ካሴቱ ከአዲስ አበባ የገባ ዕለት ከአውቶቡስ ተራ ትኩሱን ተቀብዬ ወደ ሱቄ ሮጥሁ። ቴፑ ውስጥ ከተትሁና ድምፁን ለቀቅሁት። መጀመሪያ ከበሮው መጣ፤ ደስ ይላል። ጊታሩ ሲከተል ግን ሸራ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አወጣ። "ስፒከሬ ሄደ!" ብዬ ዘልዬ አጠፋሁት። ፈታሁት። ሄዱን በአልኮል ጠረግሁ፣ ላስቲክ ቀየርሁ፣ ስፒከሩን አውጥቼ ሌላ ገጠምሁ። ሌላውም ተቀደደ። ሰው አደራ ያስቀመጠውን ስፒከር ገጠምሁ፤ የአደራውም ተቀደደ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ባለቤቴ የሺወርቅ ምሳዬን ይዛ ብትመጣ ከብሎንና ከሽቦ መሃል ላብ አጥምቆኝ አገኘችኝ።

"ሌላ ካሴት ብትሞክርበትስ?" አለችኝ።

ሞከርሁ። ጥርት ያለ ድምፅ! ለካ የተቀደደው ስፒከሩ ሳይሆን ዘፈኑ ኖሯል። ልጆቹ ሆን ብለው፣ አስበውበትና ተጨንቀውበት የቀደዱት ጊታር ነው። የሺወርቅ ሳህኑን አስቀምጣ እየሳቀች ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የምናገረው ነገር ሁሉ ክብደቱ ቀንሷል።

የሚያጽናናኝ ብቻዬን አለመሆኔ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቴፑን አቅፎ ይመጣ ጀመር። "ታሞብኛል፣ እየው እስቲ" ይለኛል። "የውርጭን ካሴት አስገብተህበት ነው?" እለዋለሁ። "በምን አወቅህ?" ይላል ዓይኑን አፍጦ። እኔም እንደ ትልቅ ሐኪም ራሴን ነቅንቄ "ቴፕህ ጤነኛ ነው፤ ልጆቹ ናቸው" ብዬ እሸኘዋለሁ።

ልጆቹ የእኛው የከተማችን ልጆች ናቸው። ውርጭ የተባሉትም ሲጀምሩ ይለማመዱባት የነበረችው የቆርቆሮ ቤት ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ስለምታደርቀው ነው። የመጀመሪያ ካሴታቸው ለስላሳ ነበር። ሙሽራ ሲገባም ሙሽራ ሲወጣም እርሱ ነበር የሚከፈተው፤ በዚያ ካሴት ያልተዳረ ሰው አልተዳረም ይባል ነበር። ሕዝቡ ሁለተኛውንም እንዲያ አድርጎ ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቢሰጥ፣ ጊታሩ ጮኸበት።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። የመምህራን ኮሌጁ ተማሪዎች ዘመን ተለወጠ አሉ። ሠርገኞች ከዱን አሉ። አንዱ የሚኒባስ ረዳት ዘፈኑን መጨረሻው ፌርማታ ላይ ብቻ ይከፍተዋል፤ ተሳፋሪው ሳይጨቃጨቅ ዱብ ዱብ ብሎ ይወርድለታል። አንድ የድጓ ተማሪ ደግሞ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አዳመጠና "ድምፁስ መልካም ነበር፤ ልጁ ትንፋሹን አልሰበሰበም እንጂ" ብሎኝ ሄደ። በማግስቱም መጣ። ምነው ብዬ ብጠይቀው "ትንፋሹን ለማጣራት ነው" አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሽ ሲያጣራ ሰነበተ።

ከሮብ ገበያ የመጣ አንድ ገበሬ የባንዱን ስም ገና ሲሰማ ነው ያኮረፈው። "ባቄላዬን ያቃጠለብኝን ጠላቴን በካሴት ገዝቼ ተቤቴ ላስገባው?" አለ። እውነቱን ነው፤ ጮቄ ተራራ ሥር የሚያርስ ሰው ለውርጭ አያጨበጭብም። አምበር አካባቢ የሚያርሰው ደንበኛዬ ግን ተጠቀመበት። ማሳው ዳር ቴፑን ከፍቶ ቢያስቀምጥ ዝንጀሮ ድርሽ አይልም።

"ኧረ ተባረኩ!" አለኝ መጀመሪያ። ሲሰነብት ፊቱ ተለውጦ መጣ። "አሁንስ ተቸገርሁ" አለ። "ግማሾቹ ሲሸሹ ግማሾቹ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።"

እኔ ከሚያዳምጡት ወገን ነኝ። ከዝንጀሮዎቹ ጋር መደመሬ አያሳፍረኝም። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ቀጥሎ ለመድሁት፤ ከዚያ በኋላ ያለ እርሱ ሥራ አልገፋ አለኝ። ልጆቹ የጻፉት ግጥም እኛ ስለምናውቀው ነገር ነው፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጭጋጉ፣ አውቶቡስ ስለሚጠብቅ ሰው። በተለይ "ደጃፍ" የምትባል ዘፈን አለች። መሃሏ ላይ ዘፋኙ ዝም ይልና ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ብየዳው እጄ ላይ ይቆማል። ጊታሩ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ከፍ ብሎም አይወርድም። ለምን እንደሚያባባኝ አላውቅም ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ያለ ምክንያት ሲያለቅስ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ያን ጊታር የሚመታው ስማቸው ይባላል፤ የጎረቤቴ የጋሽ ዓለምነህ ልጅ ነው። ነገር የመጣውም በዚሁ በኩል ነው።

ጋሽ ዓለምነህ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ጓደኛቸው ጋሽ ቢያድግልኝ አናጢ ናቸው። ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው ዲቁና የተቀበሉ፣ አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ አመሻሹ ላይ ሱቄ በር ካለችው አግዳሚ ላይ አብረው ካልተቀመጡ ቀኑ የመሸ አይመስላቸውም። አንድ ቀን እኔ ቂሉ፣ ልጃቸው ነው ደስ ይላቸዋል ብዬ፣ "ደጃፍ"ን ከፈትሁላቸው።

"አጥፋው ይሄን ጩኸት" አሉ ጋሽ ዓለምነህ።

"ምን ሁነሃል አንተ?" አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። "የገዛ ልጅህ እኮ ነው። ስማው እስቲ፣ ደረት ይበሳል።"

"ደረት የሚበሳ ጥይትም አለ።"

"እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ወልጄ ቢሆን በየገበያው እየዞርሁ አስለፍፍ ነበር!"

"ውለድና አስለፍፍ፤ ማን ያዘህ?"

ጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ የላቸውም። አገር ያውቃል፤ ጋሽ ዓለምነህ ደግሞ ከአገር በላይ ያውቃሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ደንግጠው ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ "አንተ የስማቸው አባት ልትባል አይገባህም" ብለው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲያ አግዳሚዋ ባዶዋን ቀረች። እኔም ካሴቱን እያየሁ "ምን አስከፈተኝ?" እል ጀመር።

የጋሽ ዓለምነህ ነገር ከዘፈን የጠለቀ መሆኑን ሰፈሩ ይጠረጥራል። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ያረፉት በሁለቱ ካሴቶች መሃል ነው። ስማቸው አዲስ አበባ ነበር፤ መርዶ ተነግሮት የደረሰው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዓይኑ ደርቆ ተቀመጠ። አልቃሾቹ ስሙን እየጠሩ ቢያለቅሱለት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። "እንጨት ነው" ተባለ። ጊታሩን አንሥቶ ተመለሰ። አባቱ ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ ሲጠየቁ "ደኅና ነው መሰል" ብቻ ነው መልሳቸው።

በዚህ ላይ ስማቸው ሱቄ ስልክ ደወለ። ባንዱ እሑድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ሊጫወት ይመጣል።

"ጋሼ" አለኝ፣ "አባቴ ቤት ልረፍ ወይስ ሆቴል ልያዝ? እባክዎ ይጠይቁልኝ።"

ጠየቅኋቸው። ጋሽ ዓለምነህ አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር፤ ቀናም አላሉ። "ሆቴሉ ሞልቷል አሉ እንዴ?" አሉኝ። ሰው አባቱ በሕይወት እያለ፣ በተወለደባት ከተማ፣ ሆቴል ሲያድር አስቡት! ልጁ አንዴ ሆቴል ካደረ ደግሞ ሁለተኛ እዚያ አጥር ውስጥ አይገባም። ይህን ለመረዳት የሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። መልሱን ለልጁ ላደርስ ስልኩን አንሥቼ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።

ያን ሳምንት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። የሺወርቅ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ፣ ቤቱን ቄጠማ ጎዝጉዛ ጨርሳለች። ማኅበርተኛው ግጥም አለ። ጋሽ ዓለምነህ በበሩ በስተቀኝ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ በስተግራ፣ ቤቴ የሚፈቅደውን ያህል ተራርቀው ተቀመጡ። የማኅበሩ የነፍስ አባት አባ ጥበቡ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ላይ ከመድረሳቸው በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ።

"በመካከላችሁ የተቀያየመ አለ?"

የተቀያየመ ሰው ባለበት ጽዋው አይጠጣም፤ ዳቦውም አይቆረስም። ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። እኔ ወደ ዳቦው አየሁ።

"የእግዜር ሰላምታ የተነፋፈጉ አሉ" አለ አንዱ።

"በምን?" አሉ አባ።

ማን ይመልስ? በመጨረሻ እኔ ባለቤቱ ተነሥቼ "በካሴት ነው፣ አባ" አልሁ። አባ በሕይወታቸው በድንበር የተጣላ፣ በሚስት የተጣላ፣ በውሃ መውረጃ የተጣላ አስታርቀዋል። ለካሴት ተቀምጠው አያውቁም። ጢማቸውን ሳብ ሳብ አደረጉና ሦስት ሽማግሌ መርጠው ጉዳዩን እዚያው ያዙት። ጋሽ ቢያድግልኝ ተናገሩ፤ ስለ "ውለድና አስለፍፍ" ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሽ ዓለምነህ "ለቃሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካሴቱ ግን ጩኸት ነው" አሉ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "ተከሳሹን ሳንሰማ እንዴት እንፈርዳለን? ካሴቱ ይቅረብ!"

የሺወርቅ ከጓዳ ሆና በምልክት "እንዳታደርገው" አለችኝ። እኔ ግን ሥራዬ ነው፤ ትልቁን ቴፕ ከነስፒከሩ ተሸክሜ ዳቦው አጠገብ አስቀመጥሁና ተጫንሁት። ጊታሩ ሲገባ አንዱ ሽማግሌ የያዙት ውሃ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።

"ስፒከሩ ተቀዷል" አሉ ሁለተኛው።

"አልተቀደደም፣ እንዲያው ነው" አልሁ።

"የተቀደደ ነገርማ አውቃለሁ!"

ሦስተኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። "ተዉት እስቲ፣ ከበሮው ይዞታል" አሉ፤ ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ለማስታረቅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ይነታረኩ ጀመር። ማኅበርተኛውም ተከተለ። አንዱ የድሮው ካሴት ይሻላል ሲል፣ አንዱ የድሮው ማር ነው ይሄ ግን ጌሾ አለው ሲል፣ አንዱ ጌሾ ብቻውን ጠላ አይሆንም ሲል፣ ቤቴ ገበያ ሆነ። አባ ጥበቡ "ዳኞቹን ደግሞ ማን ያስታርቅልኛል?" ብለው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማኅበርተኛው በሁለት ጎራ መጥቶ በአራት ሊሄድ ነው ብዬ አፈርሁ።

ይሄኔ "ደጃፍ" ደረሰች። ዘፋኙ ዝም አለ፤ ጊታሩ ብቻውን ቀረ። አጉረመረመ፤ ከፍ አለ፤ ከፍ አለ። ልክ እላይ ሲደርስ መብራት ጠፋና ቴፑ ቆመ።

የእኛ ከተማ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ሰው ተሳድቦ ይቀጥላል። ያን ቀን ግን ማንም አልተሳደበም። ጊታሩ ካቋረጠበት ቦታ ላይ ዜማው እየቀጠለ ነበር። በሰው ጉሮሮ። ቀስ ብሎ፣ በአፍንጫ፣ አንዲት መታጠፊያ ሳይስት፣ ከላይ ወደ ታች እየወረደ። ጋሽ ዓለምነህ ናቸው። በበሩ በሚገባው የቀን ብርሃን መሬት መሬት እያዩ ያንጎራጉራሉ፤ ማንጎራጎራቸውንም የሚያውቁ አይመስሉም። ካሴቱን ስንት ጊዜ ቢሰሙት ነው እንዲህ በቃላቸው የያዙት?

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የጋሽ ዓለምነህን ግን ጠላው ሳይቀመስ መብራት መጥፋት አወጣው።

ዜማው ያለ ጊታር፣ ያለ ከበሮ፣ በሽማግሌ ድምፅ ሲወርድ ነው ሁላችንም ያወቅነው። ጓዳ ያሉት ሴቶች ቀደሙን፤ አንዷ ደረቷን ያዘች። አልቃሾቹ በእትዬ ጥሩዬ ድንኳን ውስጥ ያወረዱት ዜማ ነው። ልጁ ዓይኑ ደርቆ የሰማው።

"ዓለምነህ" አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። "ይሄማ የጥሩዬ ለቅሶ ነው።"

ጋሽ ዓለምነህ ቀና አሉ። "አንተ ገና አሁን ሰማኸው? እኔ መጀመሪያውኑ ነው የሰማሁት።"

"ታዲያ ጩኸት ነው የምትል?"

"ለቅሶ ጩኸት አይደለም ወይ?" አሉ። "ቤቴ ቁጭ ብሎ ለእናቱ አንዲት እንባ ነፍጎ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጠላ ቤት ውስጥ፣ በየሄድሁበት ያስለቅስብኛል? የት ልግባ እኔ?"

"ቤትህማ እንዳያለቅስ የከለከልኸው አንተ ነህ። ገና በሩ ላይ ሲደርስ ክንዱን ይዘህ 'ወንድ ነህ፣ ያዝ አድርገው' አልኸው። አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

ጋሽ ዓለምነህ ወደ በሩ ዞረው አዩ።

"ብየዋለሁ" አሉ። "እኔው ራሴ እንዳልወድቅ ብዬ ነበር።"

ከዚያ አለቀሱ። ባለቤታቸው ከተቀበሩ ወዲህ ሰው ፊት ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ ተነሥተው ቤቱን አቋርጠው ሄዱና አቀፏቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው ላዞር ብል ግድግዳው ሁሉ ተይዟል፤ ሽማግሌዎቹ ቀድመውኛል።

አባ ጥበቡ ዳቦውን ባረኩ። ጽዋው ከዞረ በኋላ ፍርዱን ተናገሩ። "ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ብቻውን አይተውም። ልጁ እሑድ የሚያለቅስ ከሆነ ማኅበሩ በሙሉ ሄዶ ይቀመጥለታል።"

"እርስዎስ፣ አባ?" አልሁ።

"እኔ ዘፈን ቤት አልገባም። ደጅ ቆሜ እሰማለሁ።" ትንሽ አሰቡና "እንደሰማሁት ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሰማል" አሉ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ በወጣት ጢም ብሏል። የሚካኤል ማኅበር ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ የፊት ወንበሮችን ያዘ። በር ላይ የቆመው ጎረምሳ ስብሰባ ያለ መስሎት "አባቶች፣ ቀኑን ተሳስታችሁ እንዳይሆን" አለን። ስማቸው መድረክ ላይ ወጥቶ አባቱን ሲያይ ጊታሩን ለመቃኘት ጣቱ እምቢ አለው። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉ። አንዱ ብቻ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ያንን ስፒከር አንድ በለው" እያሉ ጎኔን ይጎስሙኛል።

"ደጃፍ" መጣች። ዘፋኙ ዝም አለ። ጊታሩ ማጉረምረም ሲጀምር ጋሽ ዓለምነህ ከወንበራቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አወለቁ፤ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ መልሰው ለበሱት። ጋሽ ቢያድግልኝ ተነሥተው ዘቀዘቁ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተነሥቶ ዘቀዘቀ። ከኋላችን ያለው ወጣት መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ አዲስ ስታይል መሰለው መሰለኝ፣ ሻርፕ ያለው ሻርፑን፣ ጃኬት ያለው ጃኬቱን ገልብጦ ለበሰ። ብቻ ጨፋሪው ሁሉ ቆመ፤ ሳያውቀው ለቅሶ ደረሰ።

ስማቸው ይህንን አየ። ጣቱ አንዴ ቆመ። ከበሮ መቺው ብቻውን እየጠበቀው ትንሽ ሄደ። ልጁ ከዚያ ዓይኑን ከአባቱ ላይ ሳይነቅል ቀጠለ፤ ካሴቱ ላይ ካለው በላይ ሄደ፣ እላይ ደርሶም በዚያው አልቀረም፤ አባቱ በእኔ ቤት ያወረዱትን ያህል አወረደው። እንባው በጊታሩ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንዲያ ያለ አልሰማሁም፤ የምሰማም አይመስለኝም።

ሲያልቅ ውጭ ወጣን። አባ ጥበቡ ከአጥሩ ሥር ዣንጥላቸውን ይዘው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ አቧራ ነው አሉን። የሆቴሉ መኪና የልጆቹን ዕቃ ለመጫን ቆማለች። ስማቸው ጊታሩን በሳጥኑ ይዞ ከአባቱ ፊት ቆመ፤ ሰላም ሊል ጎንበስ አለ። ጋሽ ዓለምነህ ሳጥኑን ከእጁ ተቀበሉ፣ ትከሻቸው ላይ አወጡት፣ መኪናዋን አልፈው ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ልጁ ተከተላቸው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ደስታቸውን መቻል አቃታቸው።

"ዓለምነህ!" ብለው ከኋላ ተጣሩ። "ሌሎቹስ ዘፈኖች እንዴት ናቸው?"

"እነዚያማ ጩኸት ናቸው" አሉ ጋሽ ዓለምነህ፣ ሳይዞሩ።